ሳልጠይቅ የገጠምሁት ሙሾ

ጥያቄ የሚባል ነገር አልወድም ነበር። መጠየቅ፣ የማያውቅ ሰው ሥራ ነው ብዬ አምን ነበርና፤ እኔ ደግሞ ከሚያውቁት ወገን መሆኔን ከቁስቋም እስከ ገበያው ያለ ሰው ሁሉ እንዲረዳልኝ እፈልግ ነበር። ቅኔ ቤት ሳለሁ እንኳ መምህሬ “ያልገባው አለ?” ሲሉ አንገቴን ቀና አድርጌ ጣራውን ነበር የማየው። ጣራው ላይ የነበረውን የሸረሪት ድር እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ፤ ትምህርቱን ግን አላስታውሰውም።

ጣሊያን ወጥቶ አገር ሲረጋጋ ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ከዋርካው ጥላ ሥር ተቀምጬ ማመልከቻ ጸሐፊ ሆንሁ። በዚያ ዘመን ጎንደር ውስጥ ያልከሰሰም ያልተከሰሰም ሰው አይገኝም ነበርና ሥራው አይቋረጥም። የኔ ማመልከቻ ታዲያ ለሁሉም አንድ ነው። ባለጉዳዩ ገና አፉን ሲከፍት እጄን አነሣና “ገብቶኛል” እለዋለሁ፤ ቀጥዬም “እኔ ደሃ አመልካች የብዙ ልጆች አባት ስሆን” ብዬ እጀምራለሁ። አንዲት መነኩሲት ስለ ጎመን መደባቸው ሊከሱ መጥተው ይኸንኑ ጻፍሁላቸው። ዳኛው መነኩሲቷን አዩ፤ ወረቀቱን አዩ፤ እንደገና መነኩሲቷን አዩ። እማሆይ ከዚያ ቀን ወዲህ እኔን ባዩ ቁጥር ምርኩዛቸውን ያነሡብኛል።

ማመልከቻው እንጀራዬ ነው እንጂ ልቤ ያለው ሙሾ ላይ ነበር። ግጥሙን እኔ እገጥማለሁ፤ የምታወርደው ግን እትዬ ዘነቡ ናት። የኔ ድምፅ እንኳን ሰው ሊያስለቅስ ውሻ ያስጮሃል። ዘነቡ ግን ስመ ጥር አልቃሽ ናት። እሷ አንድ ጊዜ “ወዮ” ያለች እንደሆነ ሟችን የማያውቅ መንገደኛ ሳይቀር አህያውን አቁሞ፣ ጭነቱን አውርዶ ያለቅሳል።

እንዲህ ተከባብረን ስንኖር አንድ ልብስ ሰፊ ሞተ። እኔም ማንንም ሳልጠይቅ “ዝሆን ገዳይ” ብዬ ገጠምሁለት። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ ከስፌት መኪናው ኋላ የኖረ፣ ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነበርና ዘነቡ ግጥሙን ስታወርደው ለቀስተኛው ሳቀ። ሚስቱ ሳትቀር ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ለቅሶው ሲያበቃ ዘነቡ በክንዴ ጎትታ አወጣችኝና “ስማ አንተ፣ እኔ ሰው አስለቅሼ የምኖር ሴት ነኝ። በሚቀጥለው ለቅሶ ሰው ካላለቀሰ ሌላ ገጣሚ እይዛለሁ” አለችኝ። ይህ ለኔ ከሞት አይተናነስም። ዘነቡ ከተወችኝ ግጥሜን የሚሰማኝ የቀረው የቤት አከራዬ ፍየል ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን እስከ መጨረሻው ሰምቶኝ አያውቅም።

በዚያው ሰሞን ከዳባት በላይ ካለ አገር ፈንታ የሚባል ገበሬ መጣብኝ።

“አያ ጸሐፊ፣ የአያ ጓንጉል ተዝካር ደርሷልና ሸጋ ሙሾ ይግጠሙልን። አልቃሽም ይዘውልን ይምጡ ተብሏል።”

“ገብቶኛል።”

“አያ ጓንጉል ማለት እንግዲህ ልጅ የሌላቸው…”

“ገብቶኛል አልሁህ!”

“ነገሩ እንዲያው ከሌላው ተዝካር ለየት ያለ…”

“ወንድሜ፣ ተዝካር ሁሉ ለባለቤቱ ልዩ ነው” ብዬ አፉን አስያዝሁት። ፈንታ ትንሽ አየኝ። የከተማ ሰው ያውቃል ብሎ መሰለኝ፣ ያቀረብሁለትን ጠላ አንሥቶ መጠጣት ያዘ። እኔም እሱ ጠላውን በጠጣበት ጊዜ ውስጥ ሙሾውን ገጥሜ ጨረስሁት። ፈረስ አስገባሁበት፣ ጋሻ አስገባሁበት፣ ጎራዴ አስገባሁበት፤ ልጆችም ጨመርሁበት።

እስከ ዳባት የሄድነው ጣሊያን ጥሎት በሄደ የጭነት ማኪና ላይ፣ ከጆንያ በላይ ተቀምጠን ነው። ወለቃን አልፈን ዳገቱን ስንይዝ ዘነቡ “እስቲ ልሞክረው” አለችና ድምፅዋን ለቀቀችው። አጠገባችን የነበረች ሴት ገበያ የምትወስደውን ገንቦ አቅፋ ማልቀስ ጀመረች። ቀጥሎ አንድ ቄስ፣ ከዚያም ሁለት ወታደሮች ተከተሉ። ወዲያው ማኪናው በሞላ ደረት መታ። ሹፌሩ ከኋላው ሰው የሞተበት መስሎት ማኪናውን አቆመና ቆቡን አውልቆ መጣ።

“ማነው የሞተው?”

“አያ ጓንጉል ናቸው” አልሁት።

“ወይኔ አያ ጓንጉል!” ብሎ ሹፌሩ ጎማውን ተደግፎ አለቀሰ። ያውቃቸው እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ የሚያለቅስ ሰው ምን ይጠየቃል? ፈንታ አንድ ሁለት ጊዜ እጁን አንሥቶ ሊናገር ነበር፤ ለቅሶው ግን ፋታ አልሰጠውም። እኔማ ደስታዬን መሸሸግ አቅቶኝ ነበር። በማኪና ላይ እንዲህ ያስለቀሰ ግጥም ዳስ ውስጥ ሲገባ ምን ሊያደርግ ነው እያልሁ ለተዝካርተኛው አዘንሁለት።

ከዳባት ወዲያ በእግርና በበቅሎ ወጥተን ስንደርስ ዳሱ ተጥሏል፤ ጠላው ተጠምቋል፤ ወጡ ከሩቅ ይሸታል። አንድ ረጅም ሽማግሌ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከደጅ ተቀበሉን። ለእግራችን ውሃ አስመጡ፤ ለዘነቡ አጎዛ አስነጠፉላት። የሟች ዘመድ ናቸው ብዬ ፊቴን አጨለምሁ።

“እግዚአብሔር ያጽናዎት” አልኋቸው።

“አሜን፣ ያጽናኝ።”

“አያ ጓንጉል ሸጋ ሰው ነበሩ።”

ሽማግሌው አፍረው ዓይናቸውን ዝቅ አደረጉ። “እንዲያው ለክፉ አይሰጥም እንጂ…”

ትሕትናቸው ደስ አለኝና ጨመርሁበት። “እኔማ በደንብ ነው የማውቃቸው። ጎንደር በወረዱ ቁጥር የሚያርፉት እኔ ቤት ነበር።”

“ጎንደር?” አሉ ግንባራቸውን ቋጥረው። “ጓንጉል ጎንደር ወርዶ አያውቅም።”

“ለሰው አይናገሩም ነበር፤ ጭምት ነበሩ።”

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ራሳቸውን የተጠራጠሩ ያህል አንገታቸውን እየነቀነቁ ወደ ዳሱ ገቡ።

ዳሱ ውስጥ በአንዱ ወገን የሰበካው አለቃ ከነካህናቱ ተቀምጠዋል። ጸሎቱን አድርሰው ምግቡን የሚጠብቁ ናቸውና ዓይናቸው ከጓዳው በር አይነቀልም። ከፊት ለፊት የተቀበሉን ሽማግሌ በወንበር ላይ ተሰይመዋል። ከጥጉ ደግሞ በአፍንጫም በጺምም ቁርጥ እሳቸውን የመሰሉ ሌላ ሽማግሌ ዱላቸውን ይዘው ለብቻቸው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ፊታቸው የተቆጣ ፊት ነው። እኚህስ ማን ናቸው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር መልካም ነበር፤ እኔ ግን ለዘነቡ ጀምሪ ብዬ ጠቀስኋት።

ፈረሱ ተጭኖ ይጠብቃል ደጁን፣
ማን ይጋልበዋል ትቶ ሲሄድ ልጁን።

“ፈረስ የለኝም!” የሚል ድምፅ ከወንበሩ መጣ። “ልጅም የለኝም!”

ዘነቡ ብዙ ለቅሶ የለመደች ናትና ሰካራም ነው ብላ አለፈችው።

ጋሻው ከግድግዳ ወርዶ አለቀሰ፣
ጎራዴው አፎቱን በዕንባ አራሰ።

“የምን ጎራዴ? እኔ ያለኝ ማጭድ ነው!”

ዘነቡ ድምፅዋን ገታች። “ማነው እሱ የሚናገር?”

“ሟች ናቸው” አለ ፈንታ።

ዘነቡ ስንቱን ሬሳ ያየች ሴት ናት፤ ሬሳ ሲመልስላት ግን የመጀመሪያዋ ነበር። “በስመ አብ!” ብላ ወደ ኋላ ስትሸሽ፣ እኔም ከሷ ቀድሜ ልሸሽ ስል ተጋጨን። እሷ እኔ ላይ ወደቀች፤ እኔ የዳሱ ምሰሶ ላይ ወደቅሁ፤ ዳሱ ካህናቱ ላይ ወደቀ። ከቅጠሉ ሥር የአለቃው ድምፅ “እግዚኦ! ገና ሳንቀምስ!” ሲል ተሰማ።

ነገሩ የቁም ተዝካር ነው። ልጅ የሌለው ሰው፣ ከሞትሁ በኋላ ማን ያስታውሰኛል ብሎ በሕይወቱ ሳለ ተዝካሩን ያወጣል። ይህን የማላውቅ ሆኜ አይደለም። ቁስቋም ተወልጄ አድጌ፣ የስንቱን የቁም ተዝካር በልቼ፣ ወጡ ሳይቀር ከሙት ተዝካር ይሻላል እያልሁ ስፈርድ የኖርሁ ሰው ነኝ። ይህኛው የቁም ነው ወይስ የሙት ብሎ ፈንታን ለመጠየቅ ግን ክብሬ አልፈቀደልኝም። በቁም ተዝካር ላይ አልቃሽ መጥራት እርግጥ የአያ ጓንጉል የራሳቸው ፈጠራ ነው። አለቃው ከጺማቸው ላይ ቅጠል እየለቀሙ “በቁም ጸሎት አለ፤ በቁም ለቅሶ ግን የት አገር አለ ብያችሁ ነበር” አሉ።

ከሁሉ የከፋው ያ ዓይናቸው የቀላው ሽማግሌ መሳቃቸው ነበር። ዱላቸውን ተደግፈው፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። አያ ጓንጉል ይህን አይተው ፊታቸው አመድ መሰለ። እኔን በጋቢዬ ጫፍ ይዘው ከቤቱ ጀርባ ወሰዱኝ።

“ምነው ልጄ፣ ምነው? ያልቅስልኝ ብዬ ላም አርጄ፣ አንተ አሳቅኸው እኮ! እንዲህ እንደ ሳቀ ወንዙን ከተሻገረ አይመለስም። ዳሱ እስኪቆም ሌላ ግጠም።”

እንግዲህ መጠየቅ ግድ ሆነብኝ። ግን መጠየቅም የለመደው ሰው ያስፈልገዋል። እኔ ከየት እንደሚጀመር አላውቅም።

“በሬዎ ምን ዓይነት ነው?”

“ቦራ።”

“ምን ምን ይወዳሉ?”

“ሽሮ።”

ከቦራና ከሽሮ ሙሾ አይወጣም። ዳሱን ለማቆም ወደመጡት ጎረቤቶች ዞርሁና ስለ አያ ጓንጉል ምን ትላላችሁ አልኋቸው። አንደኛው “ድንበር ይገፋሉ” አለኝ። ሁለተኛው “ሲያስነጥሳቸው ላሞቻችን ይደነብራሉ” አለኝ። አያ ጓንጉል እዚያው ቆመው ይሰሙ ነበርና “ውሸት ነው፤ ላሟ ራስዋ ደንባራ ናት” ብለው ክርክር ገጠሙ። ዳሱ ግማሹ ቆሟል። ዘነቡ ከርቀት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ታየኛለች። ጨንቆኝ፣ ብልሃት አስቤም ሳይሆን የምለውን አጥቼ “ለመሆኑ ማን እንዲያለቅስልዎ ነው የሚፈልጉት?” አልኋቸው።

አያ ጓንጉል ክርክሩን ተዉ።

“አድማሱ” አሉ። “ያ ሲስቅ ያየኸው። መንታዬ ነው።”

“አልቅሰው ምን እንዲሉ?”

“አያ እንዲለኝ፤ እንደ ታላቅ ወንድሙ።”

ቀስ በቀስ የነገሩኝ ይህ ነው። በጉብዝናቸው ዘመን አንድ ሠርግ ላይ ጠላ አሳላፊው “ታላቅየው ቀድሞ ይቅመስ” ብሎ ዋንጫውን ቢያቀርብ ሁለቱም እጃቸውን ዘረጉ። ሁለቱም አልለቀቁም። ዋንጫው ተሰበረ፤ እነሱም ተለያዩ። አድማሱ ከወንዙ ማዶ ጎጆ ቀለሱ። ታናሽ ቀድሞ ሰላምታ ማቅረብ አለበትና ከዚያ ወዲህ አንዱ ሌላውን ሰላም ብሎ አያውቅም። ገበያ ላይ ሲገናኙ ሁለቱም የሌላውን እየጠበቁ እየተገላመጡ ያልፋሉ።

“ማን ነው ግን በእውነት ታላቅ?”

“እኔ ነኛ!”

“በምን አወቁ?”

አያ ጓንጉል አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። “በምን አውቃለሁ? ያን ቀን ሕፃን ነበርሁ።”

“እናታችሁ በሕይወት ሳሉ አልጠየቃችኋቸውም?”

“ምን ብዬ እጠይቃታለሁ? ታላቅ መሆኔን እያወቅሁ! እሱም እያወቀ አልጠየቃት። አዋላጂቱም ሞተች፤ እናታችንም ሞተች።” ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡ። “እኔም መሞቴ ነው ልጄ። ሞቼ ቢያለቅስ ምን ይበጀኛል? አልሰማው።”

እኔን የመሰለ ሰው እዚያ ደጋ ላይ አገኛለሁ ብዬ አላሰብሁም ነበር። አንጀቴን በሉት። ጥያቄም አንድ ጊዜ ከጀመሩት አያስቆምምና ወደ አያ አድማሱ ሄድሁ። ከዳሱ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በዱላቸው መሬት ይጭራሉ። ቅድም ከሳቁት ሳቅ ፊታቸው ላይ ምንም አልቀረም።

“አያ አድማሱ፣ ከማያናግሩት ሰው ተዝካር ምነው መጡ?”

“ፈንታ ነዋ! ‘የጓንጉል ተዝካር ነው’ ብሎ ከአጥሬ ማዶ ጮኾ አለፈ። የቁም ነው የሙት ብዬ አልጠየቅሁት።”

“የሞቱ መስሎዎት ነው?”

“ታዲያስ! ሳይጠሩኝ የቀበሩት መሰለኝ።”

“አለቀሱላቸው?”

አያ አድማሱ መሬቱን መጫር አቆሙ። “ከደጄ እስከ ወንዙ አለቀስሁ። ከወንዙ እስከ ዳገቱ አለቀስሁ። ዳገቱ ላይ ብቅ ብል ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠላ ያዛል! ፊቴን በእጅጌዬ ጠርጌ ገባሁ።” ዱላቸውን አፍንጫዬ ሥር አመጡት። “ይህን ለሱ የነገርኸው እንደሆነ ግን በዚህ ነው የምልህ!”

አልነግርም ብዬ ማልሁላቸው። መሐላዬንም ጠበቅሁ፤ የነገረቻቸው ዘነቡ ናት።

ዳሱ ቆሞ ሰዉ ሲገባ ዘነቡን ጠራሁና አንዲት ግጥም ብቻ በጆሮዋ አልኋት። “ሌላስ?” አለችኝ። ሌላ የለም አልኋት። ፈረሱስ? ፈረሱ ሄዷል። ዓይኗን አጥብባ አየችኝና መሐል ገብታ ቆመች። አልጮኸችም። ሰው እንደሚያናግር ሰው ቀስ ብላ ወደ ጥጉ ዞራ አወረደችው።

ወንዙን ስትሻገር ዕንባህ ሞልቶ ነበር፣
ምነው ደረቀብህ ከወንድምህ መንደር?

አያ አድማሱ ብድግ አሉ። “ጸሐፊ!” ብለው ዱላቸውን አነሡ፤ እኔም ከምሰሶው ኋላ ሆንሁ፤ ካህናቱም ምሰሶውን በፍጥነት በእጃቸው ደገፉት። አያ ጓንጉል ግን ከወንበራቸው ተነሥተው በመካከላችን ገቡ።

“እውነት ነው?” አሉ። “አልቅሰህልኛል?”

አያ አድማሱ ፊታቸውን ወደ ዳሱ በር አዞሩ።

“ከየት ጀምረህ?”

“ከደጄ” አሉ አያ አድማሱ ዱላቸው በአየር ላይ እንዳለ። “ምን ያደርግልሃል?”

አያ ጓንጉል የወንበራቸውን መደገፊያ ያዙና ወንበሩን ራሳቸው ጎትተው ወንድማቸው ፊት አቆሙት። ከዚያ ያን ሁሉ ዘመን ለራሳቸው ሲጠብቁት የኖሩትን ቃል አወጡት።

“ተቀመጥ፣ አያ።”

ተዝካርተኛው ዓይኑን ጠረገ። ዘነቡ ሳትቀር ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋለች፤ ዘነቡ ደግሞ ለእንጀራዋ ካልሆነ አታለቅስም። አያ አድማሱ ዱላቸውን አወረዱ። ወንበሩን አዩ፤ ወንድማቸውን አዩ።

“የለም፣ አንተ ተቀመጥ እንጂ፣ አያ።”

“ታላቅ ሆነህ ሳለህ?”

“ማን ታላቅ አለኝ? ታላቁ አንተ ነህ!”

እንግዲህ ይህም ሌላ ጠብ ሆነ። አያ ጓንጉል አንተ ነህ ታላቅ ብለው ይምላሉ፤ አያ አድማሱ የለም አንተ ነህ ብለው ይገዘታሉ። ወንበሩ ባዶውን ቆሟል። ሌማቱ ቀረበ፤ ታላቁ ሳይቆርስ ግን ማንም አይቆርስም። ወጡ ቀዘቀዘ። ሽማግሌዎች ተመርጠው ግራ ቀኙን ሰሙ፤ ሁለቱም ታናሽ ነኝ ብለው ምስክር እንጥራ አሉ። ዘነቡ አጠገቤ መጥታ “ይሁን፣ ቆይ ከኔ ጋር” አለችኝ። እኔ እንኳ ደስ ብሎኝ መሳቅ አልቻልሁም፤ ጠኔው ይዞኝ ነበር።

በመጨረሻ አለቃው ትዕግሥታቸው አለቀና መስቀላቸውን ይዘው ተነሡ። “በቃ! ታላቅም የለ፤ ታናሽም የለ። እኩል ተጎራረሱና ካህናቱ ይብሉበት!”

ሁለቱ ሽማግሌዎች ፊት ለፊት ቆሙ። ሁለቱም ጠቅልለው እኩል እጃቸውን ዘረጉ። እጅ ከእጅ ተጋጨና ግማሹ አፍ ውስጥ ገባ፤ ግማሹ በጺም ላይ ቀረ። አያ አድማሱ ጉርሻውን እያኘኩ ዕንባቸው ጉንጫቸው ላይ ወረደ፤ አሁን በእጅጌ አልጠረጉትም። አያ ጓንጉል ማኘካቸውን ትተው ፊታቸውን ጠጋ አድርገው አዩት።

“በርበሬው ነው?” አሉ ቀስ ብለው።

አያ አድማሱ ዋጡ።

“በርበሬው አይደለም” አሏቸው።